የዊክ ሪፈረንስን ኮልባክ ከፍቶ ማየት፦ በፓይተን ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ውስጥ ፓይተን ከሚማሩ ልጆች በተደጋጋሚ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ዊክ ሪፈረንስ ሠራሁ፣ ኮልባክም ሰጠሁት። ግን በትክክል መያዙን በምን አውቃለሁ? የትኛው ፋንክሽን ነው የተንጠለጠለበት?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። እስከ መጨረሻው እየሠራችሁ ከተከተላችሁኝ የማንኛውንም ኦብጀክት ዊክ ሪፈረንሶች ትዘረዝራላችሁ። ኮልባካቸው ማን እንደሆነና በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደተጻፈም ታውቃላችሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሜሞሪ የሚያፈሰውን ኮልባክ ለይታችሁ ታወጣላችሁ።

በምሳሌነት የፎቶ ቤት ፕሮግራም እንውሰድ። የጥምቀት ሰሞን ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤት ስንት ምስል እንደሚያስተናግድ ታውቃላችሁ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ሲከፈት፣ ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ብንይዝ፣ 72 ሜጋባይት ገደማ ሜሞሪ ይወስዳል። ሃምሳው ሲከፈት 3.6 ጊጋባይት ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር እዚያው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ያልተፈለገ ፎቶ ከሜሞሪ መውጣት አለበት፤ መውጣቱንም የምናረጋግጥበት መንገድ ያስፈልገናል።

ዊክ ሪፈረንስ ኦብጀክቱን ያውቀዋል እንጂ አይዘውም። የአንድን ቤት አድራሻ መያዝ ቤቱ እንዳይፈርስ እንደማያደርገው ማለት ነው። ኮልባክ ደግሞ ኦብጀክቱ ሊጠፋ ሲል ፓይተን የሚጠራው ፋንክሽን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓይተን 3.4 ወይም ከዚያ በላይ። ኮልባኩን የምናይበት __ኮልባክ__ የገባው በ3.4 ነው።
- ኮድ መጻፊያ። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው አይድል ይበቃል። ጥቁሩ የዊንዶውስ መስኮት የእኛን ፊደል በሳጥን ሊያሳይባችሁ ስለሚችል እኔ አይድልን እመርጣለሁ።
- ኢንተርኔት አያስፈልግም። «ዊክሬፍ» የሚባለው ሞጁል ከፓይተን ጋር አብሮ ነው የሚጫነው። ማብራሪያውንም ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል፦ ሄልፕ("ዊክሬፍ") ብላችሁ ጻፉ።

ስለ ኮዱ አጻጻፍ

የፓይተንን ቃላት እዚህ በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። ኢምፖርት፣ ክላስ፣ ዴፍ፣ ሰልፍ፣ ዊክሬፍ፣ ኮልባክና የመሳሰሉትን ስታስገቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። «ነን» የምለው ባዶነትን የሚያመለክተውን የፓይተን እሴት ነው። ፎቶ፣ ስም፣ ስረዝ፣ አሳይ የመሳሰሉት ግን የእኛ ስሞች ስለሆኑ በግዕዝ ፊደል እንዳሉ መተው ትችላላችሁ። ፓይተን 3 ይቀበላቸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኮማ ወይም ሁለት ነጥብ አትጫኑ። «፣» እና «፡» ለፓይተን ኮማም ኮለንም አይደሉም፤ ወዲያው ሲንታክስ ኤረር ይሰጣችኋል።

1. ኦብጀክቱንና ዊክ ሪፈረንሱን ሥሩ

ኢምፖርት ዊክሬፍ

ክላስ ፎቶ:
    ዴፍ __ኢኒት__(ሰልፍ, ስም):
        ሰልፍ.ስም = ስም

ዴፍ ስረዝ(ማጣቀሻ):
    ፕሪንት("ፎቶው ከሜሞሪ ወጥቷል")

ፎ = ፎቶ("ጥምቀተ_ባሕር_01")
ር = ዊክሬፍ.ሬፍ(ፎ, ስረዝ)

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስረዝ አንድ ነገር ይቀበላል፤ የሚቀበለው ፎቶውን ሳይሆን ዊክ ሪፈረንሱን ራሱን ነው። ኮልባኩ ሲጠራ ፎቶው ስለማይገኝ በውስጡ «የፎቶውን ስም አትምልኝ» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ዊክ ሪፈረንሱን «ር» ውስጥ አስቀምጠነዋል። ይህ መስመር ያለ «ር =» ቢጻፍ ዊክ ሪፈረንሱ ራሱ የሚይዘው አጥቶ ይጠፋል። ከፎቶው ቀድሞ ከጠፋ ደግሞ ኮልባኩ በፍጹም አይጠራም። ስህተት አይወጣም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ዝም ብሎ ይቀራል።

2. ኮልባኩን እዩት

ር.__ኮልባክ__

ይህን ሼሉ ላይ፣ ማለትም ኮድ መስመር በመስመር እየጻፋችሁ መልሱን በምታዩበት የአይድል መስኮት አስገቡት። ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት አንደርስኮር ነው። ስረዝ የተባለው ፋንክሽን ይወጣላችኋል። ቅንፍ አትጨምሩበት፤ ቅንፍ ካስገባችሁ ማየት ቀርቶ መጥራት ይሆናል።

ይህ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ሌላ ፋንክሽን ልትተኩበት ብትሞክሩ አትሪቢዩት ኤረር ይመጣል። ኮልባክ መቀየር ከፈለጋችሁ አዲስ ዊክ ሪፈረንስ ሥሩና የድሮውን ጣሉት።

«ነን» ካገኛችሁ አትቸኩሉ። ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ መጀመሪያውኑ ኮልባክ አልተሰጠም፣ ወይ ኦብጀክቱ ሞቷል። ሁለቱን ለመለየት ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦

ር() ኢዝ ነን

ትሩ ካለ ኦብጀክቱ የለም፤ ኮልባክ ነበረው አልነበረውም ብሎ መጠየቅ ያኔ አይቻልም። ፎልስ ካለ ግን ኦብጀክቱ በሕይወት ስላለ የ__ኮልባክ__ን መልስ ማመን ትችላላችሁ።

3. ኮልባኩ የት እንደተጻፈ አግኙ

ትንሽ ፕሮግራም ላይ ስሙ ይበቃል። ፋይሉ አሥር ሲሆንና «ስረዝ» የሚባል ፋንክሽን ሦስት ቦታ ሲኖር ግን አይበቃም። ተራ ፋንክሽን ወይም ላምዳ ከሆነ፦

ክ = ር.__ኮልባክ__
ክ.__ኳልኔም__
ክ.__ኮድ__.ኮ_ፋይልኔም
ክ.__ኮድ__.ኮ_ፈርስትላይንኖ

የመጀመሪያው ሙሉ ስሙን፣ ሁለተኛው ፋይሉን፣ ሦስተኛው የሚጀምርበትን መስመር ይሰጣል። ላምዳ ስም ስለሌለው ያለ መስመር ቁጥር ማግኘት ጭንቅ ነው።

ኮልባኩ ሌላ ዓይነት ከሆነ መንገዱ ይለያል። ከአንድ ኦብጀክት ጋር የተያያዘ ሜተድ ከሆነ ባለቤቱ በ__ሰልፍ__፣ ፋንክሽኑ በ__ፈንክ__ ይገኛል። በፈንክቱልስ ፓርሻል የተሠራ ከሆነ ስም የለውም፤ __ኔም__ ብትሉት ኤረር ነው። በእሱ ፈንታ ክ.ፈንክ፣ ክ.አርግስ እና ክ.ኪይወርድስ እዩ።

4. በኦብጀክቱ ላይ ያሉትን በሙሉ ዘርዝሩ

እስካሁን «ር» በእጃችን ነበር። እውነተኛ ሥራ ላይ ግን በእጃችሁ ያለው ፎቶው ብቻ ነው፤ ማን ዊክ ሪፈረንስ እንዳንጠለጠለበት አታውቁም። ይህችን ፋንክሽን ጽፋችሁ አስቀምጧት፤ ለሁሉም ፕሮጀክት ትሆናለች።

ዴፍ አሳይ(ነገር):
    ፎር ሬ ኢን ዊክሬፍ.ጌትዊክሬፍስ(ነገር):
        ኢፍ ታይፕ(ሬ) ኢን ዊክሬፍ.ፕሮክሲታይፕስ:
            ፕሪንት("ፕሮክሲ ነው፤ ኮልባኩ አይታይም")
        ኤልስ:
            ፕሪንት(ታይፕ(ሬ), ሬ.__ኮልባክ__)

ፕሮክሲውን ለምን ለየነው? ፕሮክሲ በዊክሬፍ.ፕሮክሲ የሚሠራ ሌላ የዊክ ሪፈረንስ ዓይነት ነው፤ የሚጠየቀውን ሁሉ ወደ ኦብጀክቱ ያስተላልፋል። __ኮልባክ__ ስትሉት ፎቶውን «ኮልባክ አለህ?» ብላችሁ እንደ መጠየቅ ነው፤ ፎቶው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ኤረር ይመጣል። የምክሬ ፍሬ ነገር፦ ኮልባኩን ልትመረምሩት የምትፈልጉ ከሆነ ከፕሮክሲ ይልቅ ሬፍ ተጠቀሙ።

አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። ያለ ኮልባክ አሥር ጊዜ ዊክሬፍ.ሬፍ(ፎ) ብትሉ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው አንድ ብቻ ነው። ፓይተን ኮልባክ የሌለውን ተራ ሬፍ መልሶ ይጠቀምበታል። ኮልባክ ያለው ግን በተሠራ ቁጥር አዲስ ነው። ቁጥሩ ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ዊክሬፍ.ጌትዊክሬፍካውንት(ፎ) አለላችሁ።

5. የእናንተ ያልሆነውን ለዩ

አሳይ(ፎ) ስትሉ እናንተ ያልጻፋችሁት ኮልባክ ብቅ ቢል አትደንግጡ። ፎቶውን ዊክቫልዩዲክሽነሪ ውስጥ (እሴቶቹን በዊክ ሪፈረንስ የሚይዝ መዝገብ ነው) ካስቀመጣችሁት መዝገቡ ራሱ «ሪሙቭ» የሚባል ኮልባክ ያንጠለጥልበታል። ዊክሴትም እንዲሁ ያደርጋል። ሥራቸው ኦብጀክቱ ሲጠፋ ከመዝገቡ ላይ ስሙን መፋቅ ነው። __ኳልኔም__ን ብታዩት የየትኛው ክላስ እንደሆነ ይነግራችኋል።

እንደ ኮልባክ የፋይናላይዝ ኦብጀክት ካያችሁ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ዊክሬፍ.ፋይናላይዝ ተጠቅማችኋል ማለት ነው፤ እሱም ኦብጀክቱ ሲጠፋ ፋንክሽን የሚጠራ ሌላ መሣሪያ ነው። ደረጃ 9ን እዩ።

6. ኮልባኩ ራሱ ኦብጀክቱን እንዳልያዘው አረጋግጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። «ዊክ ሪፈረንስ ተጠቅሜ ሜሞሪው ለምን አይለቅም?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። ይህን ኮድ ተመልከቱ፦

ማጣቀሻዎች = []

ዴፍ ክፈት(ስም):
    ፎ = ፎቶ(ስም)
    ዴፍ ስረዝ(ማጣቀሻ):
        ፕሪንት(ፎ.ስም, "ወጥቷል")
    ማጣቀሻዎች.አፔንድ(ዊክሬፍ.ሬፍ(ፎ, ስረዝ))
    ሪተርን ፎ

ሲያዩት ምንም አይመስልም። ነገር ግን በውስጥ ያለው ስረዝ «ፎ»ን ስለሚጠቅስ ፎቶውን አጥብቆ ይዞታል። ስረዝን ዊክ ሪፈረንሱ ይዞታል። ዊክ ሪፈረንሱን ደግሞ «ማጣቀሻዎች» የሚለው ዝርዝር ይዞታል። ዝርዝሩ እስካለ ድረስ ፎቶው አይሞትም፤ ፎቶው ካልሞተ ኮልባኩ አይጠራም። 72 ሜጋባይቱ እየተደመረ ይሄዳል።

ኮልባኩ የሚታይ ስለሆነ ይህን መያዝ ቀላል ነው፦

ፎ2 = ክፈት("ጥምቀተ_ባሕር_02")
ር2 = ማጣቀሻዎች[0]
ክ = ር2.__ኮልባክ__
ፎር ሴል ኢን (ክ.__ክሎዠር__ ኦር ()):
    ፕሪንት(ሴል.ሴል_ኮንቴንትስ ኢዝ ር2())

አንድ ትሩ ከወጣ ኮልባኩ የራሱን ኦብጀክት አስሮታል። «ኦር ()» ያልኩት ከውጭ ምንም ያልያዘ ፋንክሽን __ክሎዠር__ው «ነን» ስለሆነ ነው።

መያዣው ሌላ ቦታም ሊደበቅ ይችላል። ሜተድ ከሆነ ክ.__ሰልፍ__ ኢዝ ር2() ብላችሁ ጠይቁ፤ ዊክሬፍ.ሬፍ(ፎ, ፎ.ዝጋ) ብሎ የጻፈ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ዲፎልት አርጉመንት ያለው ፋንክሽን ከሆነ __ዲፎልትስ__ን፣ ፓርሻል ከሆነ አርግስንና ኪይወርድስን ፈትሹ።

መፍትሔው ለኮልባኩ የሚፈልገውን ቁራጭ መረጃ ብቻ መስጠት ነው። ከላይ ባለው ኮድ የሚፈለገው ስሙ ነው፤ ክፈት ደግሞ ስሙን አስቀድሞ ተቀብሏል። ፎ.ስም የሚለውን «ስም» ብቻ አድርጉት። ያኔ ኮልባኩ የሚይዘው ጥቂት ፊደላትን ነው፤ ፎቶው ነፃ ይወጣል።

7. ግደሉትና ተመልከቱ

ዴል ፎ

ከፓይተን ድረገጽ በሚወርደው በተለመደው ፓይተን «ፎቶው ከሜሞሪ ወጥቷል» የሚለው ወዲያው መታተም አለበት። ካልታተመ ኮልባኩን ከመውቀስ በፊት ፎቶውን ማን እንደያዘው ፈልጉ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሼሉ ራሱ ነው። ሼሉ ላይ ር() ብላችሁ ኢንተር ስትመቱ የወጣው ፎቶ «_» በሚባል ስም ይቀመጣል። ከዚያ «ፎ»ን ብታጠፉም «_» ይዞታል። ለዚህ ነው ደረጃ 2 ላይ ር() ብቻ ሳይሆን ር() ኢዝ ነን በሉ ያልኩት፤ ያኔ የሚቀመጠው ትሩ ወይም ፎልስ ነው። ከተያዘባችሁ 1+1 ብላችሁ ኢንተር ምቱ፤ «_» ሁለት ይሆንና ፎቶውን ይለቀዋል።

ሁለተኛው የፎር ሉፕ ተለዋዋጭ ነው። ሉፑ ካለቀ በኋላም የመጨረሻውን ፎቶ ይዞ ይቆያል።

ሦስተኛው ዙር ነው። ፎቶው አልበሙን፣ አልበሙ ፎቶውን ከያዘ ዴል ብቻውን አይበቃም። የፓይተንን ሜሞሪ ጠራጊ ጂሲን ኢምፖርት አድርጋችሁ ጂሲ.ኮሌክት() በሉ። አሁንም ካልሞተ ጂሲ.ጌት_ሪፈረርስ(ር()) የያዙትን ይዘረዝርላችኋል። ውጤቱን ግን ሼሉ ላይ እንዳለ አትተዉት፤ ሌን() ውስጥ አስገቡት ወይም በፕሪንት እያያችሁ እለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዊክ ሪፈረንሱ ራሱ በዚያው በማይፈለገው ዙር ውስጥ ካለ አብሮ ይጠረጋል፤ ኮልባኩም አይጠራም። ኮልባኩ እንዲጠራ ከፈለጋችሁ ዊክ ሪፈረንሱን ከፎቶውና ከአልበሙ ውጪ አስቀምጡት።

8. ከሞት በኋላም ምልክት እንዲቀር አድርጉ

ኦብጀክቱ ከሞተ __ኮልባክ__ «ነን» ይሆናል። ኮልባኩ በሚጠራበት ቅጽበት እንኳ፣ በውስጡ ሆናችሁ ማጣቀሻ.__ኮልባክ__ ብትሉ የምታገኙት «ነን» ነው። የትኛው ፎቶ እንደሞተ ለማወቅ መለያውን ዊክ ሪፈረንሱ ላይ ራሳችሁ ጻፉበት፦

ክላስ መለያ_ሬፍ(ዊክሬፍ.ሬፍ):
    ዴፍ __ኢኒት__(ሰልፍ, ነገር, ኮልባክ=ነን, *, መለያ=""):
        ሱፐር().__ኢኒት__(ነገር, ኮልባክ)
        ሰልፍ.መለያ = መለያ

ፎ = ፎቶ("ጥምቀተ_ባሕር_01")
ር = መለያ_ሬፍ(ፎ, ስረዝ, መለያ=ፎ.ስም)

ኮከቧን አትርሷት። ሬፍ በቦታ የሚቀበለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን በስም ካልሰጣችሁት ታይፕ ኤረር ይመጣል። አሁን ስረዝ ውስጥ ማጣቀሻ.መለያ ማለት ትችላላችሁ።

9. ፋይናላይዝ ከሆነ በፒክ እዩት

ፊ = ዊክሬፍ.ፋይናላይዝ(ፎ, ፕሪንት, "ተዘጋ")
ፊ.ፒክ()

ኦብጀክቱን፣ ፋንክሽኑን፣ አርጉመንቶቹንና የስም አርጉመንቶቹን በአንድ ላይ ይሰጣችኋል፤ ፋንክሽኑን ግን አይጠራውም። ፊ.አላይቭ ደግሞ ገና እየጠበቀ እንደሆነ ይነግራል። የፒክ ውጤት ውስጥ ፎቶው ራሱ ስላለ የ«_» ጉዳይ እዚህም ይሠራል። ፊ.ፒክ()[1] ብላችሁ ፋንክሽኑን ብቻ መርጣችሁ አውጡ።

ፋይናላይዝ በራሱ ስለሚቆይ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥ ግዴታ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲዘጋም ያልተጠራ ካለ ይጠራዋል። ለጊዜያዊ ፋይል ማጥፊያ እኔ ከተራ ኮልባክ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የተለመዱ ስህተቶች

«ካኖት ክሬት ዊክ ሪፈረንስ» የሚል ታይፕ ኤረር። ሊስትና ዲክት በቀጥታ ዊክ ሪፈረንስ አይቀበሉም፤ ከእነሱ የወረሰ የራሳችሁን ክላስ ብትሠሩ ግን ይሆናል። ኢንትና ተፕል ግን ቢወረሱም እምቢ ይላሉ። ክላሳችሁ ላይ __ስሎትስ__ ጽፋችሁ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ "__ዊክሬፍ__" ጨምሩበት።

ሜተድን በሬፍ መያዝ። ዊክሬፍ.ሬፍ(ፎ.ዝጋ) ወዲያው ይሞታል፤ ምክንያቱም ፎ.ዝጋ በተጠቀሰ ቁጥር የሚፈጠር ጊዜያዊ ኦብጀክት ነው። ለዚህ ዊክሜተድ የሚባል ለብቻው አለ።

«ኮልባኬ ኤረር አለው፤ ትራይ ኤክሴፕት ግን አይዘውም።» አይዘውም። ከኮልባክ የሚወጣ ኤረር ወደ ላይ አይተላለፍም፤ ስክሪን ላይ ታትሞ ያልፋል። ትራይ ኤክሴፕቱን ኮልባኩ ውስጥ አስገቡት።

ሼሉ ላይ ሠርቶ ፋይል ውስጥ አለመሥራት። ሼሉ ላይ ዊክሬፍ.ሬፍ(ፎ, ስረዝ) ብላችሁ ብትተዉት «_» ለጊዜው ስለሚይዘው ኮልባኩ ሊጠራ ይችላል። ፋይል ውስጥ ግን «_» የሚይዝ የለም። ደረጃ 1 ላይ እንዳልኩት በስም አስቀምጡት።

በቅደም ተከተል መተማመን። አንድ ፎቶ ላይ ብዙ ኮልባክ ካለ መጨረሻ የተመዘገበው ቀድሞ ይጠራል። የመጀመሪያው እስኪሠራ የሚጠብቅ ሁለተኛ ኮልባክ አትጻፉ።

ለገንዘብና ለደንበኛ መዝገብ ኮልባክ መጠቀም። ክፍያ መመዝገብ፣ ትዕዛዝ መዝጋት የመሰለ ሥራ ኦብጀክት መሞቱን ጠብቆ እንዲሠራ አታድርጉ። መብራት ድንገት ከሄደ ኮልባክም ፋይናላይዝም አይጠራም። እንዲህ ያለውን በግልጽ «ዝጋ» በሚል ፋንክሽን ሥሩት፤ ኮልባኩን ለሜሞሪና ለጊዜያዊ ፋይል ጽዳት ተዉት።